ሌሊቱን የምትጠብቂው ሕንፃ አይቆጠርልሽም

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ለመጻፍ ግን ድፍረቱን ያገኘሁት ዛሬ ነው። የምኖረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው። አላገባሁም። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ 2 ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። እዚህ መጥቼ የ2 ዓመት የቢዝነስ ዲፕሎማ ጨረስኩ። እንግሊዝኛ ከ3 ዓመት በፊት አይኤልትስ ተፈትኜ 6.5 አለኝ። ስመረቅ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ሰጡኝ። ጓደኞቼ 3 ዓመት ሲሰጣቸው ለእኔ ግን ፓስፖርቴ ሊያልቅ ስለነበር እስከዚያው ድረስ፣ 18 ወር ብቻ ሆነ። አሁን 11 ወር ቀርቶታል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌሊት ሌሊት ሴኩሪቲ እሠራለሁ፣ 40 ሰዓት። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ 16 ሰዓት እሠራለሁ፤ ይቺ እንኳ ለኪስ ናት። ሁለቱንም ከጀመርኩ 7 ወሬ ነው። ሴኩሪቲው ዓመት ሲሞላኝ ፒ.አር (ቋሚ መኖሪያ) አመለክታለሁ ብዬ ነበር። ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። ቴሌግራም ላይ እንደ 2021ዱ ያለ፣ እዚህ ላሉ ሠራተኞችና ተመራቂዎች ፒ.አር የሚሰጥ ልዩ ፕሮግራም ሊከፈት ነው፣ ጠብቁ ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ በ20 ሺህ ዶላር ኤል.ኤም.አይ.ኤ (ቀጣሪ የውጭ ሰው የሚቀጥርበት ፈቃድ) ያለው ሥራ አገኝልሻለሁ፣ ነጥብ ይጨምርልሻል ብሎኛል። በቅርቡ 30 ይሞላኛል፤ ከ30 በኋላ አለቀ ነው የሚባለው። ልጠብቅ? ልክፈል? ወይስ ጠቅልዬ ልመለስ?

ግራ የገባኝ፣ ከዊኒፔግ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የታየኝ ጭንቀትሽ ነው። በሁለተኛው እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ቦታ አሰመርኩ። አንዱ ስለ ፓስፖርትሽ በአንድ መስመር ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነው። ሌላው «ይቺ እንኳ ለኪስ ናት» ያልሽው። የጠየቅሽኝ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ መልስሽ ያለው ግን እነዚህ ሁለቱ ጋ ነው።

ልጠብቅ? አይ። ልክፈል? በፍጹም። ጠቅልዬ ልመለስ? ኧረ ገና ምኑ ተነካና!

መጥፎውን ቀድሜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። የሴኩሪቲው ሥራ አይቆጠርልሽም። አንቺ ያሰብሽው መንገድ፣ ካናዳ ቋሚ ነዋሪዎችን በነጥብ አወዳድራ በምትመርጥበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሥር ካሉት ሦስት ፕሮግራሞች አንዱ፣ ካናዳ ውስጥ ለሠሩ ሰዎች የተከፈተው ነው። ሲ.ኢ.ሲ ይሉታል። እዚያ ለመግባት የአንድ ዓመት የካናዳ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ እስከዚህ ድረስ የሰማሽው ልክ ነው። ያልነገሩሽ ግን ማንኛውም ሥራ አለመሆኑን ነው።

ካናዳ ሥራዎችን ሁሉ በአምስት አሃዝ ቁጥር መድባቸዋለች። ደረጃቸው ቲር ይባላል፣ ከ0 እስከ 5 ነው። ለሲ.ኢ.ሲ የሚያገለግሉት ከ0 እስከ 3 ያሉት ብቻ ናቸው። የሥራሽን ደረጃ ለማወቅ ደግሞ ማንንም መጠየቅ የለብሽም። ከአምስቱ አሃዞች ከግራ ሁለተኛውን ብቻ እዪ። የሴኩሪቲ ጠባቂ ቁጥር 64410 ነው። ሁለተኛው አሃዝ 4። በቃ፣ ወጣ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳና የሚጭን ሰው 75101 ነው፤ 5። የፈጣን ምግብ ቤት አስተናጋጅ 65201፤ እሱም 5። ስንት ልጅ መሰለሽ ሁለት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ሥራዎች ላይ ላቡን አንጠፍጥፎ፣ ሊያመለክት ሲቀመጥ ገና ይህን የሚያውቀው።

አሁን ደግሞ «ለኪስ» ያልሻትን ሥራ እንያት። በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሰው የሚያነሳ፣ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ የሚያለብስ ሠራተኛ ቁጥሩ 33102 ነው። ሁለተኛው አሃዝ 3! እህቴ፣ መንገድሽ በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ተኝቶልሻል፤ አንቺ ሌት ተቀን የምትሮጪው ሌላው ላይ ነው።

እዚህ ጋ ግን ቆም በይ። አንድ ዓይነት የሚመስል ሥራ ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። እንክብካቤውን የምትሰጪው በሰው መኖሪያ ቤት እየሄድሽ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 44101 ይሆን ነበር። ያ ደግሞ ቲር 4 ነው፤ ለሲ.ኢ.ሲ አይሆንም። ያው እጅ፣ ያው ድካም፣ ያው አዛውንት፤ ግን ቤት ውስጥና ተቋም ውስጥ ይለያያል። ፍትሐዊ ነው? ለእኔ አይመስለኝም። ግን ሕጉ እንደዚያ ነው። አንቺ በተቋም ውስጥ ነሽ። አለቃሽ «ቤት ለቤት ሽፍት ተከፍቷልና ውሰጂው» ብትልሽ በትሕትና እምቢ በይ።

የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ባጅሽ ላይ የተጻፈውን ማዕረግ አይደለም፤ በእጅሽ የምትሠሪውን ነው። ማዕረግሽ «ረዳት» ሆኖ የምትውዪው ወጥ ቤት ሰሃን ስታጥቢ ከሆነ 33102 አይሰጡሽም። ስለዚህ የምትሠሪውን በሐቀኝነት ከቁጥሩ ዝርዝር ጋር አስተያዪው። ዝርዝሩ በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ፤ አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፣ አይከብድሽም። አንድ ዓመት የሚሉት 1,560 ሰዓት ነው። በሳምንት 30 ሰዓት፣ ለ52 ሳምንት። በትንሽ በትንሹም ማጠራቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በሳምንት ከ30 በላይ የሠራሽው ትርፍ አይቆጠርም። ተማሪ እያለሽ የሠራሽውም አይቆጠርም። እስካሁን በ7 ወር ውስጥ፣ 30 ሳምንት ብንል፣ በ16 ሰዓት 480 ሰዓት አለሽ። 1,080 ይቀርሻል። እንደ አሁኑ በ16 ሰዓት ከቀጠልሽ ከ67 ሳምንት በላይ ይፈጅብሻል፤ ወርክ ፐርሚትሽ ቀድሞሽ ያልቃል። መንከባከቢያው 30 ሰዓት ቢሰጥሽ ግን 36 ሳምንት ነው። ከ9 ወር ያነሰ። ያለሽ ደግሞ 11 ወር!

እንግዲህ ማድረግ ያለብሽ ሥራዎቹን መገልበጥ ነው። እንክብካቤው ዋና፣ ሴኩሪቲው ትርፍ። የሌሊቱ ክፍያ ይሻል ይሆናል፣ ወይ ጸጥ ያለ ይሆናል፤ ይገባኛል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ካሜራ ማየትና ሰው ማገላበጥ አንድ አይደለም፤ ወገብ ይቆርጣል። ግን ለ36 ሳምንት ነው። ማናጀርሽን አናግሪ። እንደነዚህ ያሉ ተቋማት ሠራተኛ አይበቃቸውም፤ «ሰዓት ጨምሩልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። እምቢ ካሉሽ ሌላ ተቋም ሂጂ። የያዝሽው ፐርሚት ለአንድ ቀጣሪ ያልታሰረ ነው፤ የፈለግሽው ጋ መሥራት ትችያለሽ።

የፈለግሽው ጋ አልኩ እንጂ፣ አንድ ነገር አሁኑኑ አረጋግጪልኝ። ፐርሚቱን ከመሳቢያሽ አውጪው። ቅድመ ሁኔታዎች የሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አለ። የሕክምና ምርመራ ሳይደረግ የተሰጠ ፐርሚት አንዳንዴ «በጤና አገልግሎትና በሕፃናት እንክብካቤ መሥራት አይፈቀድም» የሚል መስመር ይኖረዋል። ለትምህርት ስትመጪ ምርመራ አድርገሽ ከሆነ ምናልባት የለብሽም። ካለብሽ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ መንግሥት የሰየመው ሐኪም ጋ ተመርምረሽ ያ መስመር እንዲነሳልሽ አመልክቺ። ካልተፈቀደልሽ ቦታ የሠራሽው ሰዓት አይቆጠርልሽም፤ ከዚያም አልፎ ጣጣ ያመጣል። ይህን ወረቀት አብዛኛው ሰው የሚያነበው የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ነው።

ሌላም እዪ፤ የምትከፈዪው እንዴት ነው? ታክስና ጡረታ ተቀንሶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቲ4 የሚባለው ወረቀት ይሰጥሻል? ከሆነ ጥሩ። በኤጀንሲ በኩል «ኮንትራክተር» ተብለሽ ያለ ተቀናሽ የምትከፈዪ ከሆነ ግን ራስሽን እንደቀጠርሽ ነው የምትታዪው። በራስ ሥራ የተገኘ ልምድ ደግሞ ለሲ.ኢ.ሲ አይሆንም።

ወደ ፓስፖርትሽ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው! ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው ፐርሚት 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለተማረ ሰው 3 ዓመት ነው። በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ «አጥሮ ከተሰጠ አጠረ» ብለው ይተዉታል። የለም! ያጠረው በፓስፖርት ምክንያት ከሆነ ፓስፖርት አድሰሽ ቀሪውን ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ። አንቺ 18 ወር ነው የተሰጠሽ፤ ሌላ 18 ወር ያንቺ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የፓስፖርት እድሳት ማመልከቻ አስገቢ። ኦታዋ ያለው ኤምባሲያችን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አትዘናጊ። አዲሱ ሲመጣ የፐርሚት ማራዘሚያውን ታመለክቻለሽ። የትምህርቱን ርዝመት የሚያሳይ ማስረጃ፣ አሮጌውን ፐርሚት፣ አዲሱን ፓስፖርት፣ እና «የተሰጠኝ ጊዜ ያጠረው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል አጭር ደብዳቤ ታያይዣለሽ። ዋናው ነገር አሮጌው ከማለቁ በፊት መግባቱ ነው። ቀድመሽ ካስገባሽ መልስ እስኪመጣ በነበረሽ ሁኔታ እየሠራሽ ትቆያለሽ። አንድ ቀን ካለፈሽ ግን ሥራ ታቆሚያለሽ፤ ሁኔታሽን ለማስመለስ ያለሽ 90 ቀን ብቻ ነው።

ይህ ከተሳካ 11 ወሩ 29 ወር ይሆናል። ያን ጊዜ ትንፋሽ ታገኚያለሽ።

አሁን ስለ ነጥብ። 1,560 ሰዓት መሙላት ወረፋው ውስጥ መግባት ነው እንጂ መጠራት (አመልክቺ መባል) አይደለም። የሚጠሩት ነጥባቸው ከፍ ያለ ነው። እስቲ ያንቺን እንደምረው፤ ዓመቱን ሞልተሽ፣ 30 ዓመትሽ ሆኖ፣ እንግሊዝኛሽ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 8 ቢሆን ብለን።

ዕድሜ 105። ትምህርት፣ ዲግሪውና የካናዳው ዲፕሎማ ሁለቱ አብረው፣ 128። እንግሊዝኛ 92። የአንድ ዓመት የካናዳ ሥራ 40። እዚህ ላይ 365 ሆነ። ከዚያ ትምህርትሽ ከቋንቋና ከካናዳ ሥራ ጋር ሲጣመር 50። የአገር ቤቱ የሂሳብ ሥራ ሲጣመር 26። ካናዳ 2 ዓመት በመማርሽ 15። ድምሩ 456።

ዕድሜን አየሽው? በ29 ዓመት 110 ነው፣ በ30 ደግሞ 105። «ከ30 በኋላ አለቀ» ያሉሽ ሰዎች ያስፈራሩሽ በ5 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 40 በየልደቱ አምስት ስድስት፣ ከ40 ወዲያ ደግሞ 11 ገደማ ይቀንሳል፣ ዜሮ የሚሆነው በ45 ነው። ሻማውን አጥፊና ኬክሽን ብዪ።

የሚያሳስበው ቋንቋው ነው። በመጀመሪያ ያ የድሮው ውጤትሽ አያገለግልም። የቋንቋ ውጤት የሚሠራው ለ2 ዓመት ነው። ደግሞም ለኮሌጅ ብለሽ የተፈተንሽው አካዳሚኩን ነው መሰለኝ፤ ለፒ.አር የሚቀበሉት ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለውን ነው። ከአይኤልትስ ይልቅ ሴልፒፕ የሚባለው የካናዳ የእንግሊዝኛ ፈተና የሚቀናቸውም አሉ፤ ከካናዳ እንግሊዝኛ ጋር ለለመደ ጆሮ ይስማማል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒውተር ነው፣ ንግግሩም ጭምር። ከሰው ፊት ይልቅ ማይክሮፎን የማያስፈራሽ ከሆነ ሞክሪው።

አሁን ይህን ልብ በዪ። በአይኤልትስ ደረጃ 8 ማለት በማዳመጥ 7.5፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በንግግር 6.5 ነው። ደረጃ 9 ማለት ማዳመጥ 8፣ ሌሎቹ 7። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ያቺ ግማሽ ግን እንግሊዝኛሽን ከ92 ወደ 124 ታወጣዋለች፤ የአገር ቤቱን ሥራሽንም ሌላ 12 ትጨምርለታለች። 44 ነጥብ! 456 የነበረው 500 ይገባል። ለ20 ሺህ ዶላሩ ሰውዬ ልትሰጪው ካሰብሽው ቅንጣቷን አውጥተሽ ለአንድ ጎበዝ የጽሑፍ አስተማሪ ስጪ። ብዙ ሐበሻ የሚወድቀው ጽሑፉ ላይ ነው፤ ሐሳብ ጠፍቶን አይደለም፣ ፈታኙ የሚፈልገውን ቅርጽ ስለማንሰጠው ነው።

500 ይበቃል ወይ? እዚህ ላይ ነው ያቺ «ለኪስ» ያልሻት ሥራ ሁለተኛ ጊዜ የምትጠቅምሽ። በ2025 ለሲ.ኢ.ሲ ብቻ የተደረጉት ጥሪዎች ዝቅተኛ ነጥባቸው ከ500 በታች አልወረደም፤ በሜይ 547 ደርሶ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን በሙያ ምድብ እየለዩም ይጠራሉ። አንዱ ምድብ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ነው፤ 33102ም ውስጡ አለበት። የዚያ ምድብ ዝቅተኛ ነጥብ በጁላይ 2025 475፣ በኦገስት 470 ነበር። ቁጥሩ ከጥሪ ጥሪ ይለዋወጣል፤ ነገ እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚምልልሽን አትመኚ። ግን በ456 ውጪ፣ በ500 ውስጥ ትሆኚ እንደነበር አየሽ? ሴኩሪቲው ቲር 3 ቢሆን እንኳ ይህን በር አይከፍትልሽም ነበር። ደግሞ የተማርሽው ቢዝነስ፣ የምትሠሪው እንክብካቤ መሆኑ ለዚህ መንገድ አያግድሽም።

የአገር ቤቱ ዲግሪሽ እንዲቆጠር የካናዳ አቻነቱ መገምገም አለበት። ግምገማው ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ዛሬ መጀመር ምንም አያከስርሽም። የሚያጓትተው ገምጋሚው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት የሚላከው ትራንስክሪፕት ነው። እዚያ ያለ እግሩ ቀና የሆነ ዘመድ ፈልጊ። የፖሊስ ማስረጃውንም አብሮ ያውጣልሽ።

ስለ ማስረጃ ካነሳሁ የራሴን ላጫውትሽ። እኔም እንዳንቺ ተምሬ፣ እንዳንቺ ሠርቼ ነው ያመለከትኩት። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፣ የሥራ ማስረጃ ጻፍልኝ ስለው ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ። ታታሪ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች፣ ሁሉ ይወዳታል፣ ፈገግታዋ ቢሮውን ያሞቀዋል። እኔ ደብዳቤውን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፤ አለቀሰች። መሥሪያ ቤቱ ግን አላለቀሰም። ማመልከቻዬን መለሰልኝ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሁ፣ ስንት እንደተከፈለኝ፣ ምን ምን እንደሠራሁ አንድ ቃል አልነበረበትማ! አራት ወር ከሰርኩ።

ያንቺ ደብዳቤ በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት ይሁን። የሥራ መደብሽ፣ የጀመርሽበት ቀን፣ የሳምንት ሰዓትሽ፣ ደመወዝሽ፣ የምትሠሪያቸው ሥራዎች ዝርዝር፣ የፈራሚው ስምና ስልክ ይኑሩት። ዝርዝሩ የመንግሥቱን ገጽ ቃል በቃል የተገለበጠ እንዳይሆን፤ ያ ጥርጣሬ ያመጣል። አንቺ ራስሽ የምትሠሪውን ጽፈሽ ለማናጀርሽ ስጪያትና በራሷ አነጋገር ታስተካክለው። የደመወዝ ወረቀቶችሽንም አትጣዪ። ማናጀሮች ይቀያየራሉ፤ ደብዳቤውን በስድስተኛው ወር አንዴ፣ ሲሞላ ደግሞ አንዴ ውሰጂ።

የ2021ዱን ነገር እንምጣበት። አዎ፣ እውነት ነበር። በኤፕሪል 14 አወጁ፣ በሜይ 6 ከፈቱ። 90,000 ቦታ ነበር፣ 40,000ው ለተመራቂዎች። የተመራቂዎቹ ኮታ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ሞላ! እነማን ገቡ? የቋንቋ ውጤታቸው እጃቸው ላይ የነበረ፣ ማስረጃቸው ተሰብስቦ የጠበቀ። ሌላው የፈተና ቀጠሮ ፍለጋ ሲራወጥ በሩ ተዘጋበት። ያ ደግሞ በኮቪድ ጊዜ፣ ድንበር ተዘግቶ፣ ካናዳ አገር ውስጥ ካሉት ሰዎች ቁጥሯን መሙላት ስለነበረባት የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ዞሯል። በ2024 485,000 የነበረው የፒ.አር ዕቅድ ለ2025 ወደ 395,000 ወርዷል። ተመሳሳይ ነገር ቢከፈት እንኳ ለእሱ የሚያስፈልግሽ ዝግጅት ከላይ ያልኩሽ ነው። ቴሌግራሙን ዝጊና ፈተናውን አስመዝግቢ።

የ20 ሺህ ዶላሩ ሰውዬ። እዚህ ላይ ብቆጣ አትቀየሚኝ። ኤል.ኤም.አይ.ኤ ቀጣሪው «ካናዳዊ ሠራተኛ አጥቻለሁ» ብሎ የሚያስፈቅድበት ወረቀት ነው። ክፍያው ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 ዶላር ነው፤ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፣ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ሰውዬው የሚሸጥልሽ ነገር መሸጡ ራሱ ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ ፐርሚትሽ ክፍት ስለሆነ ለመሥራት አያስፈልግሽም። ሦስተኛውን ስሚ፤ የሥራ ቅጥር ይሰጥ የነበረው 50 ወይም 200 ነጥብ ከማርች 25፣ 2025 ጀምሮ ተሰርዟል። የሌለ ነጥብ ነው የሚሸጥልሽ! የውሸት ሥራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በሐሰት መረጃ 5 ዓመት ትታገጃለሽ። ሰውዬው ቀጣዩን ደንበኛ ሲፈልግ አንቺ ሻንጣ ታስሪያለሽ።

ለማነጻጸር ያህል፣ በኤፕሪል 2024 በወጣው ዋጋ ለራስሽ የፒ.አር ማመልከቻ 950፣ የመኖሪያ መብት 575፣ ድምር 1,525 ዶላር ነበር። ከፈተና፣ ከግምገማ፣ ከሕክምናና ከአሻራ ጋር እንኳ ከ20 ሺሁ ጋር አይተያይም። በሲ.ኢ.ሲ ስለምትገቢ ባንክ ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ አሳዪም አትባዪም። ባለሙያ ይያዝልኝ ካልሽ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ያዢ። የአማካሪዎቹ ተቆጣጣሪ አካል፣ ኮሌጅ የሚሉት፣ የስም ዝርዝሩን በድረ ገጹ አስቀምጧል፤ ሰውዬሽ «ፈቃድ አለኝ» ካለሽ ስሙን እዚያ ፈልጊው። እኔም ብሆን የሕግ ሰው አይደለሁም፤ መንገዱን የሄድኩ ሰው ነኝ።

ዊኒፔግ ባለችበት ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ ማኒቶባ መሆንሽም ሌላ ዕድል ነው። ፕሮቪንሱ ከ1998 ጀምሮ የራሱን የፒ.አር ዕጩዎች ይመርጣል፤ እዚያው የተማሩና እዚያው የሚሠሩ ሰዎችን ያያል። ዕጩ ካደረገሽ 600 ነጥብ ይጨመርልሻል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነጥብ አታስቢም። በ2025 የፌዴራል መንግሥቱ የፕሮቪንሶችን ኮታ በግማሽ ስለቀነሰው ብቸኛ ተስፋሽ አታድርጊው፣ ግን ፍላጎትሽን አስመዝግቢ። እንዲሁም በጃንዋሪ 2025 የተጀመረ የገጠር ማኅበረሰቦች ፕሮግራም አለ። ከ14ቱ ቦታዎች ሦስቱ አንቺው ፕሮቪንስ ውስጥ ናቸው፤ ብራንደን፣ ስታይንባክ፣ አልቶናና አካባቢዋ። የተመዘገበ ቀጣሪ ማግኘት ግድ ነው። የዊኒፔግ መንከባከቢያ ሰዓት አልሰጥ ካለሽ ስታይንባክ ሩቅ አይደለችም።

ፈረንሳይኛስ ትዪኝ ይሆናል። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በማርች 2025 በተደረገ ጥሪ ዝቅተኛው ነጥብ 379 ነበር፤ እውነት ነው፣ ያጓጓል። ግን ከዜሮ ተነስቶ ደረጃ 7 ለመድረስ፣ ሰው እያገላበጡ 30 ሰዓት ከመሥራት ጋር... ለአሁኑ እንግሊዝኛውን ከ8 ወደ 9 አውጪው። ካስደሰተሽ በትርፍ ጊዜሽ ጀምሪ።

ጥሪው ሲመጣ ለማመልከት የሚሰጥሽ 60 ቀን ነው፤ ማስረጃ ሁሉ ቀድሞ ይሰብሰብ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አመልክተሽ መልስ ሳይመጣ ፐርሚትሽ ወደ ማለቂያው ከተጠጋ ደግሞ መሸጋገሪያ የሚባል የሥራ ፈቃድ አለ። ማመልከቻሽ መቀበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘሽ፣ አሮጌው ሳያልቅ ትጠይቂያለሽ።

በይ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ፐርሚቱን ከመሳቢያ አውጪና ከታች ያለውን መስመር አንብቢው። «በጤና አገልግሎት አይፈቀድም» የሚል ካለበት ከላይ ያልኩሽን ሐኪም አስቀድሚ፣ መልሰሽም ጻፊልኝ። ኖረበትም አልኖረበትም ነገ የፓስፖርቱን ቅጽ ሙዪ፤ ከሌለበት ቅዳሜ ሥራ ስትገቢ ደግሞ ማናጀርሽን ስለ ሰዓቱ አናግሪያት።